ወረፋው ሲረዝም፦ ዋጋ መጨመር ወይስ ሁለተኛ ወፍጮ መትከል?

በሺንሺቾ ከተማ በገበያ ቀን ማለዳ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ነገር ከሳምንት ሳምንት አይለያይም። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ የያዙ ጆንያዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ከዙሪያው የገጠር ቀበሌያት እህላቸውን በጀርባ አዝለው ወይም በአህያ ጭነው የመጡ እናቶች ከጆንያቸው አጠገብ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ከውስጥ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። እኩለ ቀን ሲያልፍ አንዳንዶቹ ገበያው ሳይበተንባቸው ለመሸጥ የያዙትን ይዘው ይሄዳሉ፤ አመሻሽ ላይ ተመልሰው ተራቸው ገና ሆኖ ካገኙት ግን እህሉን እንዳመጡት ተሸክመው ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ይህን ወረፋ ያየ ሁሉ ለወፍጮው ባለቤት ምክር አያጣም። አንዱ "ሰው እንዲህ ከተሻማ ዋጋ ጨምር" ይለዋል። ሌላው "ሁለተኛ ወፍጮ ትከል፤ ገንዘብ ደጅህ ላይ ቆሞ እያየህ ለምን ትመልሰዋለህ?" ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ወረፋውን ብቻ ያያሉ። ወረፋው ከምን እንደተሠራ፣ ማለትም በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ወርና በምን ምክንያት እንደተፈጠረ አይጠይቁም። የዛሬው የግብርና ዓምዳችን ትኩረት እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ የወፍጮ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሚያስፈጨው አርሶ አደርና ፈቃድ የሚሰጠው፣ ዋጋ የሚከታተለው የወረዳ ባለሙያም ጭምር ነው።

በከምባታና በሀዲያ አካባቢ ይህ ውሳኔ አንድ ልዩ ገጽታ አለው። ወፍጮ የሚገዛው ሁልጊዜ በባንክ ብድር አይደለም። ከእነዚህ አካባቢዎች ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄዱ የታወቀ ነው፤ የሚልኩት ገንዘብ ቤት ይሠራበታል፣ ባጃጅ ይገዛበታል፣ ወፍጮም ይተከልበታል። እናም "ሁለተኛ ወፍጮ እንትከል ወይስ ዋጋ እንጨምር?" የሚለው ጥያቄ አባት እቤት፣ ልጅ በስልክ ማዶ ሆነው የሚመክሩበት የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። ወንድም የላከው ገንዘብ ወለድ ስለማይጠየቅበት ነፃ ገንዘብ ይመስላል። ግን ያው ገንዘብ ለበግ ማድለቢያ፣ ለወተት ላም ወይም ለእህል መግዣ ቢውል ያስገኝ የነበረው ትርፍ የወፍጮው ዕዳ ተደርጎ መቆጠር አለበት። በባዕድ ሀገር በስንት ስጋት የተገኘ ገንዘብ በማይሠራ ሞተር ላይ ታስሮ መቅረቱ ከባንክ ዕዳ ያነሰ ጉዳት አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ዋጋ ጭማሪ እናንሳ። የወፍጮ ዋጋ ሲጨምር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቃል "ስግብግብነት" ነው። ይሁንና ባለፉት ዓመታት የወፍጮ ቤት ወጪ ራሱ አልቆመም። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በየሦስት ወሩ በጥቂት በጥቂቱ፣ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲጨምር ተደርጓል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ58 ብር በታች ይሸጥ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሞተር፣ ኩሽኔታና ሌላውም የወፍጮ መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ጭማሪው እዚህም ደርሷል። ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ዋጋ ዛሬም የሚፈጭ ወፍጮ ቤት ቢኖር ነገ ድንጋዩ ሲያልቅ መተኪያ ያጣል። ስለዚህ "ዋጋ ይጨመር ወይ?" ከሚለው ይልቅ "ስንት ይጨመር? በየትኛው ቀን? ማን ይጎዳል?" የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ወፍጮ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይገባል።

ወፍጮው በሰዓት 3 ኩንታል ይፈጫል፣ መብራት የሚጠፋበት ሲቀነስ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል እንበል። ይህ በቀን 24 ኩንታል ነው። በሳምንት 6 ቀን ይሠራል፤ ከእነዚህ 2ቱ የገበያ ቀናት ናቸው። መኸር ከገባ በኋላ ባሉት ወራት በገበያ ቀን የሚመጣው እህል 36 ኩንታል ነው፤ ስለዚህ 24ቱ ተፈጭቶ 12ቱ ይመለሳል። በሌሎቹ 4 ቀናት ግን በቀን የሚመጣው 14 ኩንታል ብቻ ነው። የአንድ ኩንታል ማስፈጫ ዋጋ 200 ብር፣ አንድ ኩንታል በተፈጨ ቁጥር ለመብራት፣ ለድንጋይና ለቺንጋ የሚወጣው 80 ብር ይሁን። ከኩንታል 120 ብር ይተርፋል። ከዚህ ላይ የፈጪው ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና ግብር ይከፈላል።

አሁን ሳምንቱን እንደምር። የሚመጣው እህል በ2ቱ የገበያ ቀናት 72፣ በ4ቱ ቀናት 56፣ በድምሩ 128 ኩንታል ነው። ወፍጮው በ6 ቀን የመፍጨት አቅሙ ደግሞ 144 ኩንታል ነው። እናም ደጁ ላይ ያን ሁሉ ወረፋ የምናይበት ወፍጮ በሳምንት ሲታይ ከሚመጣለት እህል በላይ አቅም አለው! ወረፋው የተፈጠረው ወፍጮ ስላነሰ አይደለም፤ ሰው ሁሉ በሁለት ቀን ስለመጣ ነው።

ይህን ይዘን ሁለተኛ ወፍጮ የመትከልን ሐሳብ እንመርምር። ከነሞተሩ፣ ከነተከላውና ከነቤቱ 900 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ኢንተርፕራይዞች በሚሰጠው የማሽን ኪራይ ፋይናንስ አሠራር ተበዳሪው 20 በመቶ፣ ባንኩ 80 በመቶ ይሸፍናል። በዚያው ስሌት ብንሄድ ባለቤቱ 180 ሺህ ብር ያዋጣል፤ 720 ሺህ ብር ይበደራል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ሆኖ በ4 ዓመት የሚከፈል ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው ወደ 20 ሺህ ብር ይጠጋል። ለተጨማሪ ፈጪ 4 ሺህ ብር ሲታከልበት 24 ሺህ ብር ይሆናል። ከኩንታል 120 ብር በሚተርፍበት ሂሳብ ይህን ለመሸፈን በየወሩ 200 ተጨማሪ ኩንታል ያስፈልጋል።

ሳይፈጭ የሚመለሰውስ ስንት ነው? በገበያ ቀን 12፣ በወር በ8 የገበያ ቀናት 96 ኩንታል። ከሚያስፈልገው ግማሽ አይሞላም። ያውም ይህ የመኸሩ ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ፣ የቤት እህል ተሟጦ ብዙው ቤት በቆጮና በአሚቾ ሲያሳልፍ፣ ወረፋው ጨርሶ ይጠፋል፤ የባንኩ ክፍያ ግን ክረምት አያውቅም። ሁለቱ ወፍጮዎች ጎን ለጎን ቆመው ባለቤቱ የአንዱን ገቢ ለሌላው ዕዳ ይከፍላል። ብዙ ወፍጮ ቤቶች በዓመት በሁለት ዓመታቸው በራቸው ተዘግቶ የምናየው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዋጋ መጨመሩስ? ከ200 ወደ 230 ብር ቢያደርሰው ከኩንታል የሚተርፈው ከ120 ወደ 150 ብር ያድጋል። ይህ ማለት ከሚፈጨው እህል እስከ አንድ አምስተኛው ወደ ሌላ ወፍጮ ቢሄድበት እንኳ አይከስርም። በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ማን ይሄድበታል የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። በገበያ ቀን የሚመጡት አይሄዱም፤ ወረፋው ራሱ ቦታውን ይሞላዋል። የሚሄዱት ጸጥ ባለው ቀን የሚመጡት ናቸው። ወፍጮው በተለይ የሚፈልጋቸው እነዚያኑ ነው፤ ያለ እነርሱ 4 ቀን ሞተሩ ሥራ ይፈታል። ሌላም አለ፤ ጭማሪው የሚከብደው 50 ኪሎ ለምታስፈጨው ነጋዴ ሳይሆን እንጀራና ቂጣ ለሳምንት እንዲበቃት 10 ኪሎ ይዛ ለምትመጣ እናት ነው። ስለዚህ የጨመረ ወጪን ለመሸፈን ዋጋ ማስተካከል ተገቢ ነው፤ ወረፋ ለማሳጠር ብሎ ዋጋ መጨመር ግን በዚህ ምሳሌ ወረፋውን ባለበት ትቶ ባዶውን ቀን የበለጠ ባዶ ያደርገዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ብዙ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ድንጋዩ ላይ።

የወፍጮ ድንጋይ በሥራ ብዛት ይለሰልሳል። የለሰለሰ ድንጋይ እህሉን ከመቁረጥ ይልቅ ያሸዋል፤ ዱቄቱ ይግላል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መብራት በብዛት ይበላል። ወቃሪ ጠርቶ ማስወቀር ያለበት ባለቤት "ዛሬ ወረፋ አለ፣ ሥራ አላስቆምም" እያለ ያስተላልፋል፤ ወረፋው የሚረዝመውም ስላላስወቀረ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በልጅነቱ ወደ ወፍጮ ቤት በተላከ ቁጥር ከፈጪው አፍ የሚሰማው "ድንጋዩ አልቆ ነው፣ ታገሡ" የሚል ቃል ነበር፤ ያ ትዕግሥት ለስንት ሳምንት እንደሚዘልቅ ግን ማንም አይናገርም ነበር። በጊዜው የተወቀረ ድንጋይ በምሳሌያችን ከ3 ወደ 4 ኩንታል በሰዓት ቢያደርሰው በቀን 32 ኩንታል ይፈጫል። በገበያ ቀን ከሚመለሰው 12 ኩንታል 8ቱ ይፈጫል ማለት ነው። በወር 64 ኩንታል፣ በገንዘብ 7,680 ብር፤ ወጪው የወቃሪው ዋጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወፍጮ በ900 ሺህ ብር ከሚያስገኘው የተመለሰ እህል ሁለት ሦስተኛው በመዶሻና በመሮ ተገኘ።

የሚባክን ሰዓት ሌላም አለ። አንዱ ጤፍ፣ ቀጣዩ በቆሎ፣ ከዚያ እንደገና ጤፍ ሲመጣ በእያንዳንዱ ጊዜ ወፍጮው ይጸዳል፣ ድንጋዩ ይስተካከላል። ጧት ጤፍና ስንዴ፣ ከሰዓት በቆሎና ገብስ ተብሎ ቢመደብና ለሰዉ አስቀድሞ ቢነገር ብዙ ደቂቃ ይተርፋል። የላላ ቺንጋ፣ ለመለዋወጫ ፍለጋ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ድረስ ሄዶ የሚጠፋ ቀንም እንዲሁ ነው። አንድ ትርፍ ቺንጋና ኩሽኔታ ቤት ማስቀመጥ በገበያ ቀን የሚቆም ወፍጮን ያድናል።

የቀረውን 4 ኩንታል ወደ ጸጥተኛው ቀን ማሻገር ይቻላል ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ከገበያ ቀን ውጭ ለሚመጣ ሁሉ 20 ብር ቅናሽ ቢደረግ በሳምንት በ56 ኩንታል ላይ 1,120 ብር ይታጣል፤ የሚመጣው አዲስ እህል 8 ኩንታል ቢሆን የሚያስገባው 800 ብር ብቻ ነው። ቅናሹ ያለ ቅናሽም ይመጣ ለነበረው ሰው ተሰጠ ማለት ነው። ቅናሹ መሰጠት ያለበት በገበያ ቀን መጥቶ እህሉን ትቶ ለሚሄድና በሌላ ቀን ተፈጭቶለት ለሚወስድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ 800 ብሩ በእጅ ይቀራል፤ እናትየዋም ቀኗን ወረፋ ላይ አታጠፋም።

ይህ ግን እምነት ይጠይቃል። ሰው እህሉን ከዓይኑ ካላራቀ የማይተኛው በከንቱ አይደለም። "የእኔ ማኛ ጤፍ ከሰው ሠርገኛ ጋር ተቀላቀለ"፣ "ስሰጥ 20 ኪሎ ነበር፣ ሳመጣው አነሰኝ" የሚል ክርክር ያላየ ወፍጮ ቤት የለም። መፍትሔው ተራ ነገር ነው፤ ሲገባ በባለቤቱ ፊት መመዘን፣ ኪሎውን በሁለት ወረቀት ጽፎ አንዱን ለባለቤቱ ሰጥቶ ሌላውን በጆንያው አፍ ማሰር፣ ሲወጣ እንደገና መመዘን። በመፍጨት ጊዜ በብናኝ የምትጎድለውን ጥቂት አስቀድሞ መናገርም ጥሩ ነው፤ ኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል። እህሉ የሚያድርበት ክፍል ከእርጥበትና ከአይጥ የተጠበቀ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ከሁለተኛ ወፍጮ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ያህል አይደለም፤ የሚፈልገው ግን ባለቤቱ ራሱ እቤቱ እንዲገኝ ነው፤ ወፍጮውን ለፈጪ ትቶ ማታ ገንዘብ ብቻ የሚሰበስብ ባለቤት አይሆንለትም።

እስካሁን ያልነው "አቅም አታሳድጉ" የሚል እንዳይመስል። አቅም ማሳደግ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለዚህም ከሀገራችን የቢራ ብቅል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ገብስ በሀዲያና በከምባታ ደጋማ ቀበሌያት የሚመረት በመሆኑ ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። ለረጅም ዓመታት የሀገሪቱን የብቅል ፍላጎት ለመሸፈን ይሠራ የነበረው በ1976 ዓ.ም የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሲሆን በኋላ የጎንደር ብቅል ፋብሪካ ታክሎበታል። የቢራ ፋብሪካዎች ሲበዙና ሲስፋፉ ከሚያስፈልጋቸው ብቅል ከግማሽ የሚበልጠው በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ይገባ ጀመር። በ2013 ዓ.ም ገደማ የፈረንሳዩ ሱፍሌ በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ፣ የቤልጂየሙ ቦርትማልት በደብረ ብርሃን እያንዳንዳቸው በዓመት 60 ሺህ ቶን ብቅል የማምረት አቅም ያላቸው ፋብሪካዎች ከፈቱ።

እዚያ ዋጋ መጨመር ለምን አልበቃም? የሀገር ውስጥ ብቅል ቢወደድ ቢራ ፋብሪካው ከውጭ ያስገባል እንጂ ፍላጎቱን አይተውም። በተጨማሪም ፍላጎቱ የገበያ ቀን ፍላጎት አይደለም፤ ቢራ ክረምት ከበጋ ይጠመቃል። ከውጭ የሚገባው ብቅል መጠን ራሱ "ይህን ያህል ያልተሟላ ፍላጎት አለ" ብሎ በየዓመቱ የሚመሰክር መዝገብ ነበር። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአብዛኛው የሀገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ የሚጠቀም ቢራ ያነሰ ታክስ እንዲከፍል በማድረጉ ፍላጎቱ ጸና። ከሺንሺቾው ወረፋ ጋር ልዩነቱ ይህ ነው። እኛ ጋ የዚያ መዝገብ አቻ የሚሆነው ከተማውን አልፎ ወደ ሌላ ከተማ እየሄደ የሚፈጭ እህል ነው። በሥራ ቀናትም በክረምትም እንዲህ የሚያልፍ እህል ካለ፣ ድንጋዩም ተወቅሮ ሰዓቱም ተስተካክሎ ወፍጮው ከሞላ፣ ያን ጊዜ ሁለተኛ ወፍጮ መትከል ሳይሆን አለመትከል ስህተት ይሆናል።

የዱቄት ፋብሪካዎች ታሪክ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። በሀገራችን ብዙ የዱቄት ፋብሪካዎች ማሽን ሳይሆን ስንዴ እያጠራቸው ለዓመታት ከአቅማቸው በታች ሠርተዋል። ማሽን መጨመር ለእነርሱ ትርጉም አልነበረውም፤ የጎደላቸው እህል ነው። እህል የሚገኘው ደግሞ ለአርሶ አደሩ በሚከፈል ዋጋ፣ በጊዜው በሚደርስ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል በሚፈጸም ውል ነው። እህል ገዝቶ ዱቄት ለሚሸጥ ሰው ዋጋ ሁለት ነው፤ የሚሸጥበትና የሚገዛበት። የዱቄቱን ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ለስንዴው የሚከፍለውን ቢጨምር ቆሞ የሚውለው ማሽኑ ሊሠራለት የሚችልበት ጊዜ አለ።

የፍላጎት ጽናት ሲነሳ በዚህ አካባቢ ዝንጅብልን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በሀዳሮ ጡንጦ ዙሪያና በአጎራባቹ ወላይታ ዝንጅብል ጥሩ ዋጋ ባወጣባቸው ዓመታት አርሶ አደሩ ማሳውን ሁሉ ዝንጅብል አደረገው፤ ነጋዴውም መጋዘኑን አሰፋ። ዋጋው ሲወደድ ሁሉም የመረጠው መንገድ አቅም ማሳደግ ነበር። በ2004 ዓ.ም የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገባ። በሽታው ከአፈር ወደ አፈር፣ ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፍ በመሆኑ ዝንጅብል ከዝንጅብል ጎን በተተከለበት አካባቢ የሚያግደው አልነበረም፤ ማሳዎች በአንድ ወቅት ጠፉ። ገበያው እዚያው ነበር፣ የሚሸጠው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የምርምር ማዕከላት በቲሹ ካልቸር ያባዙትን ከበሽታ ነፃ ዘር ለማዳረስ ሠርተዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው ይህ ነው፤ አቅም ሲታሰብ ደንበኛው ብቻ ሳይሆን ጥሬ ዕቃውም ለዕዳው ዘመን የሚዘልቅ መሆኑ መጠየቅ አለበት። የ4 ዓመት ዕዳ ለሚገባ ሰው የ4 ዓመት እህል ያስፈልገዋል።

የወረዳና የከተማ አስተዳደር ባለሙያዎች በዚህ ነገር ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከሚገምቱት በላይ ነው። ሕዝብ ስለ ወፍጮ ዋጋ ሲያማርር የመጀመሪያው ፈተና ጣሪያ መወሰን ነው። በ2003 ዓ.ም መንግሥት በበርካታ የምግብ ሸቀጦች ላይ በሀገር ደረጃ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ እንደነበር የሚታወስ ነው። ብዙዎቹ ሸቀጦች ከሱቅ መደርደሪያ ጠፉ፤ ጣሪያውም ዓመት ሳይሞላው ለአብዛኞቹ ተነሳ። በወፍጮ ቤት ላይ ጣሪያ ሲጣል ደግሞ እህሉ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የድንጋዩ ወቀራ ነው። ባለቤቱ በወጪው ላይ ይቆጥባል፣ ዱቄቱ ይሻክራል፣ ወረፋው ይረዝማል። በምትኩ የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሚዛኑን ቢመረምር፣ ዋጋው በሰሌዳ ተጽፎ በሁሉም ዘንድ እንዲታይ ቢያደርግ፣ ጭማሪ ሲጠየቅም "የመብራት ደረሰኝህን አሳየኝ" ቢል ሁሉም ወገን ይዳኛል።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። በሪፖርት ላይ "ይህን ያህል አዲስ ወፍጮ ቤት ተከፈተ" ተብሎ ሲጻፍ ጥሩ ይመስላል። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር አራትና አምስት ወፍጮ ሲተከል ግን ገበያ በመጣ ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ሲነሱ ኃይሉ ይወርዳል፣ ሞተር ይቃጠላል። እንዲህ ባለ ቦታ ለሕዝቡ የሚሻለው አምስተኛ ወፍጮ ሳይሆን የትራንስፎርመሩን አቅም ማሳደግ ወይም ወፍጮ በሌለው ቀበሌ የሚተክል ሰው ማበረታታት ነው። እናቶች የሚሸከሙትን መንገድ የሚያሳጥረውም ይኸው ነው። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ተነጋግሮ በዕቅድ የሚቋረጥ መብራት በገበያ ቀን እንዳይሆን ማድረግም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤና ክትትል ይበቃዋል።

ብድር የሚያመቻቹ ባለሙያዎችም የቢዝነስ ዕቅዱን ሲያዩ በገበያ ቀን የተነሳ የወረፋ ፎቶ ሳይሆን የሐምሌ ወር ገቢ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት በጣሪያ ወስኖ በነበረበት ጊዜ እንዳየነው ለብድር የሚሆን ገንዘብ እንደልብ አይገኝም፤ የተገኘው ገንዘብ በክረምት ለሚቆም ሞተር መዋል የለበትም።

ለባለቤቱ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ኩንታል ተፈጨ፣ መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ድንጋዩ ከተወቀረ ስንት ቀን ሆነው፣ ስንት ሰው ሳያስፈጭ ተመለሰ። የመጨረሻውን ማንም አይጽፈውም። በገንዘብ ሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው የፈጩት ብር ብቻ ስለሆነ የተመለሱት ምልክት አይተዉም፤ አመሻሽ ላይ ፈጪው ከደጅ ወጥቶ የቀሩትን ጆንያዎች ሊቆጥር፣ ከየት ቀበሌ እንደመጡም ሊጠይቅ ይገባል። ደብተሩ ከኅዳር ተጀምሮ ክረምቱን አልፎ እስከ ቀጣዩ ኅዳር ሲደርስ በደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድምም ሆነ ለባንኩ ባለሙያ የሚነበብ ነገር ይኖራል።